ቆጣሪው የሚዞርበት ቤት

ሰው ልገድል የደረስኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በእርሳስ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። የዚያን ክረምት የአንድ ወጣት መኖርና አለመኖር በእኔ የእጅ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ጉደኛዋ ደግሞ ያንን ሳላውቅ ጎበዝ ሠራተኛ ለመባል ደፋ ቀና እል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ፣ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥበት ጊዜ። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ክረምቱን ጎፋ ከወላጆቼ ጋር ላሳልፍ መጥቻለሁ። አባቴ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ካየ ሆዱን የሚያመው ዓይነት ነው። መጽሐፍ ይዤ ሳዛጋ ሁለት ቀን ታገሠኝ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ የጥንት ባልደረባውን ደጅ ጠንቶ የመብራት ቆጣሪ አንባቢነት ሥራ አገኘልኝ። ለክረምት የተቀጠርነው ተማሪዎች ስምንት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። እናቴ ሴት ልጅ እንዴት በየሰው ግቢ ስትዞር ትውላለች ብላ አኮረፈች። ቆይቶ ግን የራሷን የላስቲክ ቦት ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ቁጥሩ ለእኔ ሰፊ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ተቆጣጣሪያችን ሰብስቦን ረጅም ንግግር አደረገ። ከንግግሩ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራውን በንቃት የሠራ ተማሪ በሚመጣው ክረምት ይጠራል፣ ሲመረቅም ቋሚ ቦታ ይፈለግለታል። አምስት ታናናሾች አሉኝ። ያቺ ቃል ጆሮዬ ገብታ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያስደረገችኝ እሷ ናት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ አንባቢ ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቁልቁለት ላይ ትከሻዬን ይዘው ነው የሚወርዱት። በር በእጅ እንደማይንኳኳ፣ በጠጠር እንደሆነ ነገሩኝ። «ቆጣሪ!» ብሎ መጣራት እንጂ «ቤቶች!» ማለት እንደማያስፈልግ፣ መስታወቱን በጎን ያየ ሰው ስድስቱን ስምንት ብሎ እንደሚጽፍ፣ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነም ነገሩኝ። መዝገቡ ላይ ያለፈው ወር ቁጥር፣ የዚህ ወር ቁጥር፣ በስተመጨረሻ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። የአንድ ቤት ፍጆታ ከተለመደው በጣም ከዘለለ ምክንያቱ እዚያ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ መዝገቡ ይመለሳል። ጋሼ ይህን ሁሉ ካስረዱኝ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ።

«ልጄ፣ የተቀጠርሽው ቆጣሪ ልታነቢ ነው። ቤት እንዳታነቢ።»

እሺ ጋሼ አልኩ። ምኑ እንደገባኝ እግዜር ይወቅ።

ያ ቤት ከመካኒሳ መንገድ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሲወረድ፣ ባሕር ዛፎቹ ከሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። ግቢው ዝገት በበላው ቆርቆሮ ታጥሯል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከጋሼ ጋር ስንሄድ በሩን የከፈቱልን ጥቁር የለበሱ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያጽናዎት» አሉ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ገለል አሉልን። ቆጣሪው ከቤቱ በር በስተቀኝ፣ በረንዳው ላይ ነው። ያኔ የነበረው ቆጣሪ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ክብ ብረት ነበረችው፤ ዲስክ ነው የምንላት። ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ቤት ውስጥ አንዲት አምፖል ከበራች ዲስኳ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ምድጃ ከተጣደ ትሮጣለች፤ ሁሉም ከጠፋ ትቆማለች።

ዲስኳ ትሮጥ ነበር። ቤቱ ደግሞ ጸጥ ብሏል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል፤ መብራት የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ የተጣደም ነገር የለም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሴትዮዋን ምድጃ ጥደው እንደሆን ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሼ ከፊቴ ገብተው ቆሙ፤ መስታወቱን በኮታቸው እጅጌ ወለወሉና ቁጥሩን ጮክ ብለው ጠሩልኝ። ጻፍኩ። ገለል ሲሉ ዲስኳ ቆማለች። ሴትዮዋ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ቤት ውስጥ የገባም የወጣም የለም። 

ስንወጣ ጋሼ ታሪኩን ነገሩኝ። ልጃቸው አንድ ነው፤ ሌላ የላቸውም። ባለፈው መኸር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ ሚያዝያ ላይ በወባ ሞተ የሚል መርዶ መጣ። ሬሳ የለም። እድሩ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ተለቀሰ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቶ ንፍሮ ዘግኗል። በሳምንቱ የልጁ ስም ከውትድርና ምልመላው ዝርዝር ተሰረዘ። ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚነግሩኝ። ስለ ዲስኳ ልጠይቃቸው ብል ጉልበቴን አመመኝ አሉ።

እሳቸው ዝም ቢሉ ጎረቤቲቱ ዝም አላለችም። አጥሩን ተጋርታ የምትኖር፣ ከበሯ ላይ የማትጠፋ ሴት ናት። ጋሼ ከፊት ሲቀድሙ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ማታ ማታ ጣራቸው ሥር አንዳች ነገር ይንኳኳል አለችኝ። አንድ ቀን የልጁን ሳል በጆሮዋ ሰምታለች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስለው ሳል ነው፣ አይጠፋትም። ለቅሶው ላይም ሴትዮዋ ድምፅ እንጂ እንባ አልነበራቸውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንኳኑን ተከሉ እንጂ ፍትሐት አላስፈቱ፣ አርባውንም አላወጡ። «ፍትሐት ያልተፈታለት ነፍስ ወዴት ይሂድ?» አለችኝ። «ቤቱ ነዋ!»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ያ ቤት ከሐሳቤ አልወጣ አለ። የተማርኩ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ ሙት መንፈስ ምናምን ሲባል ከንፈሬን የማጣምም። ግን እኮ በዓይኔ አይቻለሁ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ያቺ ቀይ ምልክት በመስታወቱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ እያለች ትዞርብኛለች።

ነሐሴ ገባ። የጋሼ ጉልበት ባሰበትና መካኒሳን ብቻዬን ያዝኩ። ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ ሰፈርተኛው ቅዳሴ ሄዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይመለስ መንደሩ ጭር ብሏል። ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ከወንዙ ወደ ላይ ይወጣል። ቀትር ነው። ልጆች ሆነን በቀትር ብቻችሁን ባሕር ዛፍ ሥር አትሂዱ፣ የቀትር ጋኔን አለ እየተባልን ነው ያደግነው። ለዓመታት ያላስታወስኩትን ሁሉ ያን ቀን አስታወስኩት።

በጠጠር አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደንቡ መልስ ከጠፋ «ዝግ» ብሎ ጽፎ መሄድ ነው። ዝግ የበዛበት መዝገብ ግን ሰነፍ ያስብላል፤ እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ይዤ የለ? የአጥሩ በር በሽቦ ነው የተያዘው። ፈታሁትና ገባሁ። የቤቱ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዲስኳ ትሮጣለች።

ቆሜ አየኋት። ቀይዋ ምልክት ብቅ ትላለች፣ ትሰወራለች፣ ብቅ ትላለች። በውጭ ተቆልፎ ባለቤቱ የሌለበት ቤት ውስጥ አንዳች ነገር መብራት ይበላል። ቁጥሩን ልጽፍ ስል እርሳሴ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ቀጭ አለ። ዲስኳ ዘገየች፤ ዘገየችና ቆመች። ሰምቷል አልኩ በሆዴ። ምኑ እንደሰማ ግን እኔም አላውቅም።

ያኔ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጣቴን የማይገባበት የማስገባ ነኝ። ወደ መስኮቱ ሄጄ በመጋረጃው ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየሁ። ፎቶግራፉ ቦታው ላይ ነው። ከእሱ በላይ የአቡጀዲ ኮርኒስ አለ፤ አንዱ ጥግ ወደ ታች ሆዱ ወርዷል። እያየሁት ያ የወረደው ቦታ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከዚያ የታፈነ ሳል ሰማሁ።  ከዚያ ግቢ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ አንድ ቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ትቼ፣ በአንድ ጫማ ዳገቱን ሽቅብ ወጥቼ ራሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ለእናቴ ጫማውን ውሻ ወሰደው አልኳት።

ቢሮ ገብቼ ቁጥሮቹን ስቀንስ የዚያ ቤት ፍጆታ ካለፈው ወር ሦስት እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ምክንያት መጻፍ አለበት። ሙት መንፈስ ይጠቀማል ብዬ አልጽፍ! አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ነገር መጣልኝ፤ አንዱ ሌባ ከእኒህ ሐዘንተኛ ሴት መስመር ጠልፎ ይሆናል። እነሆ ሴትዮዋንም ልረዳ፣ ንቃቴንም ላሳይ ነው። እርሳሴን ቀርጬ፣ ፊደሌን አሳምሬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቤቱ በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ ባለቤቷ በሌሉበት ቆጣሪው ሲዞር ታይቷል፤ ድምፅ ሲሰማ ቆሟል፤ መስመሩ ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል ይጣራ።

ማክሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው መዝገቤን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየልኝ። ንቁ ወጣት ማለት እንዲህ ነው አለ። ሌሎቹ ቁጥር ይቀዳሉ፣ እሷ ታስተውላለች አለ። ፊቴ ጋለ፤ ያ ቋሚ ቦታ እጄ የገባ መሰለኝ። ከዚያ ሐሙስ ጠዋት ቴክኒሻን እንደሚላክ ተናገረ። ሰው ቤት ገብቶ ለመፈተሽ የቀበሌ ሰው ምስክር መኖር ስላለበት ለቀበሌው ጥበቃዎች ተነግሯል። ሽቦውን ከቆጣሪው ጀምረው ይከታተሉታል፤ ክፍሉን፣ ጓዳውን፣ ኮርኒሱን ሳይቀር ከፍተው ያያሉ።

ኮርኒሱን ሲል ያ ከፍ ዝቅ ያለው አቡጀዲ ትዝ አለኝ። ሙት ሰው ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ሙት ሰው አይበርደውም፣ ምድጃ አይሞቅም፣ እርሳስ ሲወድቅ ሰምቶ አያጠፋም። አይ እኔ ጅሏ! የተማርኩ ነኝ ባይዋ! ድንኳን ተተክሎ የተለቀሰለት ልጅ በሕይወት ነበር። እናቱ በቁሙ አልቅሰውለት ኮርኒስ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ እኔ ደግሞ ደህና አድርጌ፣ በሚነበብ ፊደል፣ ያለበትን ቦታ ለቀበሌ ጽፌ ሰጠሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእርሳስ የወጣውስ?

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ያ ነው የበለጠ ያመመኝ። ከግንቦት ጀምረው ያውቁ ኖሯል። በየወሩ ከእውነተኛው ቁጥር ቀንሰው ያስመዘግቡ ነበር፤ ለእኔም ሐምሌ ላይ የጠሩልኝ የቀነሱትን ቁጥር ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ብርዱ ሲቀንስ፣ ቀስ በቀስ ሊያስተካክሉት ነበር ሐሳባቸው። እኔ እውነተኛውን ስጽፍ የሦስት ወሩ ተደራርቦ በአንድ ወር ላይ ወደቀ። እሳቸው ዛሬ ቢሄዱ ሰው ያያቸዋል፣ ምክንያትም የላቸውም። አንባቢ ግን ቁጥር ተጠራጥሮ ተመልሶ ቢያይ ማንም ምንም አይለውም። «በእጅሽ የጻፍሽውን በእግርሽ ሄደሽ ፍቺው» አሉኝ።

ረቡዕ ሄድኩ። «ቆጣሪ!» ስል ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ሴትዮዋ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። የጣልኩት ቦት ጫማ በረንዳው ጥግ ታጥቦ ቆሟል፤ እኔ እንደሆንኩ አውቀዋል ማለት ነው። ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ማዶ ጆሮዋን አቁማለች፤ የቆርቆሮው ቀዳዳ በቀሚሷ ቀለም ተደፍኖ ይታየኛል። ስለዚህ እንደ ሠራተኛ ሆኜ ተናገርኩ። ባለፈው ያነበብኩት ቁጥር በዝቶ ስለተገኘ ነገ ጠዋት ቴክኒሻን ከቀበሌ ሰዎች ጋር እንደሚመጣ፣ ሽቦውን ከክፍሉ እስከ ኮርኒሱ ከፍተው እንደሚያዩ፣ አስቀድሜ ለመንገር እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉ።

«አዎ» አልኩ። «አላወቅኩም ነበር እትዬ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወደ ቆጣሪው ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ዲስኳ ትሄዳለች፤ በዝግታ፣ የአንድ አምፖል አካሄድ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን እያየናት ቆመች። ምድር ላይ አንድ ድምፅ አልነበረም። እሱ ኮርኒሱ ውስጥ፣ እኛ በረንዳው ላይ ሆነን ሦስታችን አንድ ነገር የተነጋገርን መሰለኝ። «ሰምቷል» አሉ ሴትዮዋ፤ ጫማዬን አንስተው ሰጡኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቴክኒሻኑና ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ሄዱ። ኮርኒሱን ከፈቱ፤ አቧራ ነው ያገኙት። ዲስኳንም ቆማ አገኟት። ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ማክሰኞ ያደነቀኝን ያህል አዋረደኝ። እኔም ቁጥር በትክክል አላነበብኩም፣ ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ ብዬ ፈረምኩ። ስፈርም ደስ አለኝ። በጎን ያየ ሰው ስድስቱን ስምንት ብሎ ይጽፋል አልኩት፤ ልጆቹ ሳቁብኝ።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጎረቤቲቱ ያዘችኝ። ፊቷ ገርጥቷል። ሐሙስ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ፣ ከዚያ ግቢ ሁለት ሴቶች ተከናንበው ሲወጡ አይታለች። አንዷ ረዘም ያለች ናት፤ ስትራመድ ትንሽ ታስላለች። ብዙም ሳይቆዩ ሲመለሱ ግን ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጣራው ሥር ምንም አይንኳኳም። ጥላው ነው፣ ሸኙት፣ አለችና አማተበች። እኔም አማተብኩ፤ መንገዱን ያቅናለት ብዬ።

በሚቀጥለው ክረምት አይጠሩኝም ብዬ ነበር፤ ጠሩኝ። ንቃቴን አስታውሰው አይደለም። ወንዶቹ ተማሪዎች በየመንገዱ መዞር ፈርተው አንባቢ ጠፋ እንጂ። ጋሼ በጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል፤ መላው መካኒሳ የእኔ ብቻ ሆነ። መዝገቡን እንዳገኘሁ መጀመሪያ የፈለግኩት የዚያን ቤት ገጽ ነው። ከወር ወር ያው አንዲት አምፖል ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እስከ ሰኔ። ሐምሌ ላይ ስሄድ ዲስኳ ቆማለች። ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያረጀ ሰው አላየሁም። ቁጥሬን ጻፍኩ። ስወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ቆጣሪ አንባቢ ተሸኝቶ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ ተመለስኩ። ያው ፍልሰታ፣ ያው ጭጋግ። በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆጣሪውን ሳይ ዲስኳ ትዞራለች።

የተሰማኝ ደስታ ነው እንጂ ፍርሃት አልነበረም። መጣ! አልኩ በሆዴ። ወደ ኮርኒሱ አቅጣጫ ቀና ብዬ ሳቅኩ፤ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እርሳሴን ሆን ብዬ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት፤ እኔ ነኝ ለማለት ያህል። ዲስኳ ግን አልቆመችም። አንስቼ እንደገና ጣልኩት። መዞሯን ቀጠለች። ያኔ ዘወር ስል ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ አገኘኋቸው፤ እጃቸው ላይ የወንድ ጃኬት አለ።

ቆጣሪው ሥር፣ በረንዳው ላይ አስቀመጡኝና ራሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ጃኬቱን ያመጣው መተማ ከልጃቸው ጋር አንድ ጎጆ የተጋራ ሰው ነው። ልጁ በመዝገብ ሞቷልና በስሙ የሚያሳየው ወረቀት ስላልነበረው ድንበሩን ለመሻገር ጊዜ ሲጠብቅ እዚያው ከረመ፤ ወባ ያዘው። ሰውዬው ይህን በሹክሹክታ ነግሯቸው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። መርዶውን ከሰሙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አምፖሏን ኮርኒሱ ውስጥ፣ እሱ ይተኛበት የነበረው ቦታ፣ አብርተው አላጠፏትም።

«ውሸቴን እውነት አደረገብኝ» አሉ። «ወባ ብዬ ነበር፤ በወባ ሞተ። መተማ ብዬ ነበር፤ መተማ ሞተ። በቁሙ ያለቀስኩበትን ቃል በቃል ወሰደው።»

 እኔ ነኝ እትዬ፣ ያቺን መስመር ባልጽፍ ዛሬ እዚህ ነበር አልኳቸው። ይህ ዓመቱን ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ቁጥር ጻፍሽ። እኔ ድንኳን ተከልኩ» አሉ። ጃኬቱን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት፤ ዘረጉት፤ እንደገና አጠፉት። «ፍትሐቱን አስፈትቻለሁ። ያን ጊዜ እግዜርን ለመዋሸት ፈርቼ ነበር የተውኩት፣ አሁን አደረስኩለት። የቀረበት ለቅሶ ነው። እድሩ አልቅሶ ጨርሷል። ለአንድ ሰው ሁለቴ ድንኳን አይተከልም፤ ብጮህ ደግሞ ያን ጊዜ የት ነበር ይሉኛል። በዚህ ሰፈር መኖሩን ካንቺ በቀር ያወቀ የለም፤ መሞቱን ለማን ላርዳ? የምታነቢበትን ቀን ስጠብቅ ነበር።»

ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና አለቀሱ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚርገበገበው። እኔም መዝገቡን ደረቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው የውሸት ሞቱን አልቅሶለት፣ ለእውነተኛው የደረስነው እናቱና አንዲት የክረምት ሠራተኛ ነን።  እኔ ግን ድምፄን መግታት አልቻልኩም፤ አንድ ጊዜ አመለጠኝ።

የቆርቆሮው ቀዳዳ በቀሚስ ቀለም ተደፈነ። ጎረቤቲቱ ምን ሆናችሁ አለች። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ምንም አልሆንንም፣ ቆጣሪ እያነበብኩ ነው አልኳት። የዚህ ወር መብራት በዝቶ መጥቶባቸው፣ እሳቸው አዝነው ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

«ምን ያበዛዋል?» አለች ከማዶ። «ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት!»

ሴትዮዋ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። በዚያ ቤት እንደዚያ ከፍ አድርገው ሲናገሩ ያን ቀን ብቻ ሰማሁ።

«ሁለት ነበርን» አሉ።